ከጨረቃ ለተመለሰው ሰው እልልታ

ቡታጅራ ውስጥ ሠርግ ያለ ሀጀራ አይደምቅም ነበር። ጉዱ ያለው ጉሮሮዋ ላይ ነው። እሷ እልል ካለች ሴቱ ሁሉ ሳያስበው ይከተላታል፤ ወጥ የምታማስለውም ማማሰያዋን እንደያዘች እልል ትላለች። ሸረፋ የሚባል አንድ ወንድም ነበራት። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ዘቢዳር ተራራ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አንድ የገበያ ቀን ጣሊያኖቹ በመኪና ሲኒማ ጭነው መጡና ሕዝቡ በግድ እንዲያይ አዘዙ። ሽማግሌዎቹ መከሩ። መሄዱን እንሂድ፣ ግን ማንም አያጨብጭብ፣ ሴትም እልል አትበል ብለው ቆረጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ አሚኑ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን ከሀጀራ ላይ አልነቀሉም። እሷም ተናደደችና፣ እልል ብል ሸረፋን አያሳየኝ ብላ በሰው ሁሉ ፊት ማለች።

ሲኒማው የሚታይበት የቆዳ መጋዘን መስኮቱ በጅባ ምንጣፍ ተሸፍኖ ጨለማ ሆነ። ነጩ ሸራ በራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሀጀራ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራው ኖረች። ጎተራ የሚያህል ብረት ሰው በሆዱ ይዞ እሳት እየተፋ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ። ከዋክብት በግራ በቀኝ አለፉ። ጨረቃ እየቀረበች፣ እየቀረበች መጥታ ሸራውን ሞላችው፤ ተራራ አላት፣ የመስታወት ከተማ አላት፣ ሰዎቿም ሲራመዱ እንደ እንቁራሪት ይዘላሉ። ሀጀራ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ሻሿን በጥርሷ ነክሳ ያዘች።

ቅር ያላትም ነገር ነበር። እዚያ ሁሉ ቤት ጓሮ አንድ እንሰት የለም፤ ሰዎቹም ሲበሉ አላየችም። ይልቁንም ይህን የመሰለ ነገር በሐሳቡ የሚፈጥር ሰው የእኛን ቤት ለማቃጠል ምን አመጣው ብላ ተቃጠለች። ንዴቷን ሳትጨርስ ብረቱ እንደገና ሲበር አየችና አፏን ከፍታ ቀረች።

መጨረሻ ላይ ብረቱ ምድር ወረደ። ጢሙ ያደገ፣ የከሳ ሰው ወጣ። ከአንድ ቤት ልጅ እግር ሴት እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለአረፋ ከሩቅ አገር የገባ ወንድም በእልልታ ካልሆነ በምን ይቀበሉታል? የሀጀራ ጉሮሮ ማንንም አላስፈቀደም። እልልታዋን አቀለጠችው፤ መጋዘን ሙሉ ሴት ተከተላት። የጣሊያኑ ሹም ለእሱ መስሎት ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

ሀጀራ ያደረገችውን ያወቀችው ያኔ ነው። በነጋታው ሸህ አሚኑ ዘንድ ሄዳ መሐላውን እንዲያነሱላት እግራቸው ላይ ወደቀች። ለማን ብለሽ ነው እልል ያልሽው አሏት። ለተመለሰው ልጅ ነው፣ ሸረፋ መሰለኝ አለች።

«መሐላውን የሰማው አላህ፣ የሰውየውን መመለስ ስታዪ የሆንሽውንም አይቷል» አሏት። «እኔ ልፈታው አልችልም። ሸረፋ እስኪመጣ ግን እልልታሽን አስቀምጪለት።»

አስቀመጠችው። ሙሽሮች እየለመኗት፣ ሴቶች እየጎተጎቷት፣ ሠርጉ ሁሉ ቀዝቅዞ እያየች አፏን ያዘች። ሰው በሌለበት ግን ሸረፋን በቃሌ ገደልኩት እያለች ታለቅስ ነበር።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ እሷ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ፣ አንድ ጢሙ ያደገ የከሳ ሰው አጥሩን ከፍቶ ገባ። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። ሸረፋ እህቱ እልል እስክትል ቆሞ ጠበቀ፤ አላለችም። አጠገቡ ደርሳ ፊቱን በሁለት እጇ እየዳበሰች አየችው።

«ጨረቃ የሄደው እንኳን ቀድሞህ ገባ» አለችው።

ሸረፋ ምን እንደምትል አልገባውም። ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት፣ ስንት ዓመት የተቀመጠው እልልታ ወጣ፤ ቡታጅራም ከዳር እስከ ዳር ተከተላት።