ውሻ ማተብ ያሰረ ጊዜ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ግን «አሥር ሞልቶሽ ነበር፣ ዕድሜ አትቀንሺ» ትለኛለች፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ስለማላውቅ አሥር ይሁንላት እላለሁ። የምንኖረው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደብር ነው። ያደግኩትም በእናቴ አባት ቤት ሲሆን፣ አያቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ።

በዚያ ዓመት አጨዳው እንዳለቀ ያበደ ውሻ የሰው ጊደር ነክሶ ገደለ። ወሬው ወረዳው ዘንድ ደረሰና ቅዳሜ ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማክሰኞ ውሻህንም ድመትህንም ይዘህ ወንዙ ዳር ውጣ፤ መርፌ ይወጋል! የተወጋ ውሻ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ከዚያ በኋላ ክር የሌለው ውሻ የተገኘ እንደሆነ በጥይት ይመታል!»

እኔ ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «በጥይት» የምትለዋ ናት። ዳለቻው ውሻችን ዓይኑን ሳይገልጥ ጀምሮ በቀሚሴ ታቅፌ ያሳደግኩት ነው። ቂጣ ቢሰጠኝ ግማሹ የእሱ ነበር፤ አንዳንዴም ሳያስፈቅደኝ ሙሉው የእሱ ይሆናል።

ማክሰኞ ዕለት አክስቴ ድመቷን እንቅብ ውስጥ ከታ፣ ሌላ እንቅብ ደፍታባት፣ በነጠላዋ ጠፍራ ተሸከመች። እኔ ውሻውን በጠፍር ይዤ ተከተልኩ። በእኛ አገር ውሻ ታስሮ ተጎትቶ አያውቅማ! ቁልቁለቱን ግማሹ ሰው ውሻውን እየጎተተ፣ ግማሹን ደግሞ ውሻው እየጎተተው ወረድን።

መርፌ ወጊው ካኪ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። ተራችን ሲደርስ መርፌውን አነሳና፣

«አፉን ያዢ!» አላት አክስቴን።

«የማንን?»

«የውሻውን ነዋ!»

«የልጅቱን መስሎኝ! እስካሁን የምትጮኸው እሷ ናት።»

እውነቷን ነው፤ ውሻው ትንፍሽ አላለም። ድመቷ ግን የእሱንም ድርሻ አወጣችው። እንቅቡ ገና ሲከፈት መርፌውን እንደ ምንም ቀመሰች፣ የወጊውን እጅ ቧጠጠች፣ በአክስቴ ትከሻ ተረማምዳ ወንዙ ዳር ያለው ሾላ ዛፍ ላይ ወጣች።

«አሁን ማን ማንን ወጋ?» አለች አክስቴ። ወንዙ ዳር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ደሙን እየጠረገ፣ «ለድመት ክር አልታዘዘም፣ እዚያው ትቀመጥ» አለ። የውሻውን ክር ግን አንገቱ ላይ አጥብቆ አሰረለት።

እኔ ውሻዬ ተረፈ ብዬ እየዘለልኩ ቤት ስገባ አያቴ ደጅ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ክሩ ላይ ዋለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የተወጋበት ምልክት ነው አባ።»

«አንገቱ ላይ?»

«አዎ።»

«ክርስትና ማን አነሳው?» አሉ። «ስመ ክርስትናውስ ማን ተባለ?»

አክስቴ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ለእኛ አገር ሰው አንገት ላይ የታሰረ ክር ማተብ ነው። የተጠመቀ ሰው ያስረዋል፣ ይዞትም ይቀበራል። በዚያ ደብር ያለውን ሕፃን ሁሉ ማተብ ያሰሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሰንጢያቸውን አውጥተው ክሩን ቆረጡና እሳት ውስጥ ጣሉት።

«አባ፣ በጥይት ይመቱታል እኮ!» አልኩ።

«መወጋቱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ ነጭ ለባሹ በምን ያውቃል?» አለች አክስቴ። ነጭ ለባሽ የምንላቸው ጠመንጃ ይዘው አገር የሚጠብቁትን ነው። አያቴ ዳዊታቸውን ገለጡ።

በዚህ ቢበቃቸው መልካም ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ውሻ ማተብ አስሮ የሚኖርበትን ቤት ጠበል አልረጭም» ብለው ተናገሩ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ከእንጀራው በፊት ያነሳው ቢላዋ ነው። ከሰዓት በኋላ በደብሩ ክር ያለው ውሻ አልተገኘም።

ሐሙስ ዕለት ከታች መንደር አንድ ጥይት ጮኸ። የተመታው የአንዲት ባልቴት ጥቁር ውሻ ነበር። እኔ ዳለቻውን ጓዳ አስገብቼ በላዩ ተኛሁበት። ወዲያው ነጭ ለባሾቹ ደጃችን ደረሱ፤ አያቴም መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። አለቃው የንስሐ ልጃቸው ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ።

«አባ፣ ውሻ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ክርስ?»

«ነበረው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሰውንም ሁሉ ያስቆረጥኩት እኔው ነኝ። ውሾቹ ተወግተዋል። እስከ ሰኞ ቀን ስጠኝ።»

«ትእዛዝ ነው አባ። ደግሞስ ባለፈው ጾም ያዘዙብኝን ስግደት አንድ ቀን ቀንሱልኝ ብዬ ብለምንዎት መች ሰሙኝ?»

ጓዳ ሆኜ እንዳይጮህ የዳለቻውን አፍ ያዝኩ። አያቴም፣

«ያኔ ያጠፋኸው አንተ ነበርክ፤ አሁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አለቃው ሳቀና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰ። «እንግዲያው ሰኞ እረፋድ ላይ መጣሁ» አለ።

አያቴ በዚያው ሰዓት ስንቃቸውን ይዘው፣ መርፌ ወጊው ሄዷል ወደተባለበት ወደ ወገዳ በእግራቸው ተነሱ። የእሁዱን ቅዳሴ ሌላ ቄስ ቀደሰላቸው። እሁድ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ይዘው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ለዳለቻው አንገቱ ላይ አሰሩለት፤ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ የደብሩን ውሻ ሁሉ በገዛ እጃቸው አሰሩ። በመጨረሻ የሄዱት ባልቴቷ ቤት ነው፤ ደጇ ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቋት።