«ቀኝ ነው» ያልሁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለእናቴ አልነገርሁም፤ ከሁሉ ይልቅ መስማት ለሚገባት ለእህቴ ለነጃት አልነገርሁም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነፍስ አባት አላቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው ሄደው ተናግረው ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። እኛ ዘንድ የሰው ሐቅ የበላ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ባለሐቁ ነው። በሩን አንኳኩቶ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ተናግሮ፣ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይላል። እኔ ያን በር እስካሁን አላንኳኳሁም። እናም እናንተን፣ የማላውቃችሁን አንባቢዎች፣ እንደ ነፍስ አባት ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ እላለሁ። ስቃችሁ እንዳትነሡብኝ ብቻ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ነው።

ነጃት ታላቄ ናት። ቅየሳ ተምራ በቆጋ መስኖ በኩል ቦይ ስትለካ የምትውል፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ግራኝም ናት። በኛ ቤት ግራኝነት ስሙ እንኳ በግልጽ አይጠራም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ እማ በዓይኗ ትቆጣትና ነጃት እጇን ትቀይራለች። ተሟግታ ተሟግታ በመጨረሻ ከእማ ጋር በስምምነት ታረቁ፤ ማዕድ ላይ ቀኝ፣ ሌላው ሁሉ ግራ። «ስበላ በቀኜ፣ ስኖር በግራዬ» ትለኝ ነበር እየሳቀች። እርሳስ፣ መዶሻ፣ መርፌ፣ የኮምፒውተሩ ማውስ ሳይቀር በግራዋ ነበር፤ ያ እጅ ሲሠራ ማየት ደስ ይል ነበር።

ከአሮጌ ዕቃ የገጣጠመችው ኮምፒውተር በጓዳዋ መስኮት ሥር ነበረ፤ መስኮቱ ወደ ጣና ያያል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ ጠራችኝ። የጠፈር በረራ ጨዋታ ነው። እኔ ተኩስ መስሎኝ ነበር። ተኩስ የለም። አንዲት ትንሽ መንኮራኩር በጨለማ ውስጥ ትሄዳለች። ነጃት ቀስ ብላ አዞረቻትና ከሥራችን ቀለበት ያለው ፕላኔት ብቅ አለ፤ ስክሪኑን ሞላው፣ ከስክሪኑም አልፎ የሚሄድ መሰለኝ። ቀለበቱ በረዶና ድንጋይ ነው አለችኝ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ይዞራል አለችኝ። «ሱብሐነላህ» ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሬ ቆሟል። ሰው በጓዳ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያይ የፈቀደ ጌታ ምን ያህል ቸር ነው? ቀና ስል በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፣ ማዶው አይታይም፤ ለወትሮው የማላየውን ያን ስፋት ያን ቀን ነው ያየሁት። ነጃትም አየችኝ፤ ገብቷታል።

መንኮራኩሯን በኪቦርድ ነበር የምታበርራት። ኪቦርድ ወይ ሂድ ነው ወይ ቁም ነው፤ መካከል የለውም። መንኮራኩሯ ትርገፈገፋለች። ስለዚህ ነጃት ጆይስቲክ የሚባለውን የመሪ ዘንግና ፍጥነት የሚያዝዘውን የጋዝ እጀታ ልትገዛ ቆረጠች፤ ምርጫውን እንደ ቅየሳ ሥራዋ ያዘችው። ከቆጋ ስትመለስ እያነበበች፣ ቪዲዮ እያየች፣ እራት ላይ ሳይቀር ታስረዳኛለች። ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም፤ እናም ዘንጉ ከማዘንበሉ ሌላ በራሱ ላይ መጠምዘዝ አለበት፣ የመንኮራኩሯ አፍንጫ የሚዞረው በዚያ ነው። የጋዙ እጀታ መካከሉ ላይ ቀጭ የሚል ማረፊያ ይኑረው፤ ወደ ፊት ስትገፋው ትሄዳለህ፣ ወደ ኋላ ስትስበው ታፈገፍጋለህ፣ ቀጭ ሲል ዓይንህን ሳትነቅል መቆምህን ታውቃለህ። ሥሩ ከበድ ይበል፣ ከጠረጴዛው ላይ እንዳይነሣ። የቁልፍ ብዛት ለጀማሪ አያስፈልግም። «ከሁሉ በፊት ግን» አለችኝ፣ «ለሁለቱም እጅ የሚሆን ይሁን። ብዙዎቹ ለቀኝ መዳፍ ተቀርጸው ነው የሚሠሩ። ለኔ አይሆኑኝም።»

ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም። ደጋግማ ነው የነገረችኝ።

አክስታችን ዘሃራ ዱባይ እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣ ነጋዴ ናት። ነጃት ገንዘቡን ሰጠቻት፣ የዕቃውን ስም ሰጠቻት፣ እሷ ቦይ ውስጥ ስትውል ስልኳ ከቦርሳ ስለማይወጣ «ያሲንን ደውለሽ ጠይቂው፤ እሱ ያውቃል» አለቻት። እሱ ያውቃል። አዎ፣ አውቅ ነበር።

አክስቴ ከመደብሩ ውስጥ በቪዲዮ ደወለች። ሁለት ካርቶን ከፍቶላት ነበር ሻጩ። አንዱ ነጃት የመረጠችው ነው፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ መብራት የሌለው፣ ለማንም እጅ የማያዳላ። ሁለተኛው፣ ሻጩ ከጎኑ ያቀረበላት፣ ትልቅ ነው። የጋዙ እጀታ ብረት ነው፣ ሥሩ ላይ ሰማያዊ መብራት ይዞራል፣ ዘንጉ የቀኝ እጅ መዳፍ ተጭኖበት የቀረ ይመስላል። ከእውነት መንኮራኩር ላይ ተነቅሎ የመጣ መሰለኝ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ቀኝ እጄ በኪሴ ውስጥ ሲጨበጥ ተሰማኝ።

አክስቴ «ይኸ ሰውዬ በየትኛው እጅ ነው የሚይዘው ይለኛል» አለችኝ። «ቀኝ ነው ግራ?»

«ቀኝ ነው» አልሁ።

አንዲት ቃል ናት። አክስቴ የነጃትን ግራኝነት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ግን በኛ ዘመድ ማን ይህን ያነሣል? ቀኝ ስላት ፊቷ በራ። ነጃት ከግራኝነቷ የተሻላት መሰላት። «ተመስገን! ቀኝ ያውላችሁ ልጆቼ» ብላ መርቃ፣ ትልቁን አስጠቅልላ ስልኩን ዘጋችው። የሰው ምርቃት የሆነችውን ቃል እኔ ለስርቆት አወልኋት። ነጃት ትለምደዋለች ብዬ ነው? አይደለም። እንደማትለምደው አውቃለሁ፤ ሲያቅታት ለኔ እንደምትተወውም አውቃለሁ። ያን ሁሉ ያሰብሁት አክስቴ ጥያቄዋን ጨርሳ እኔ አፌን እስክከፍት ባለችው ጊዜ ነው። ሰው ለክፋት ሲሆን እንዴት ይፈጥናል!

ካርቶኑ ሲከፈት ነጃት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አክስታችን እኔ የመረጥሁትን አሳይታህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መደብሩ ውስጥ የቀረው ይኸ ብቻ ነበር አልኋት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። እማ ከበሩ ላይ ቆማ እየሳቀች፣ ይኸው ዕቃው ራሱ በቀኝ ያዢኝ አለሽ አለቻት።

ሞከረች። በግራዋ ስትይዘው መዳፉ የሚያርፍበት እብጠት ጣቶቿን ይገፋል፤ አውራ ጣቷ ቁልፎቹ ጋ አይደርስም። ወደ ቀኟ አዛወረችው። ያቺ በኪቦርድ እንኳ ቀለበት ውስጥ ለውስጥ ትሄድ የነበረች ሴት የጠፈር ጣቢያው በር ላይ ትጋጭ ጀመር። መጀመሪያ ሳቀች። በየምሽቱ ከሥራ መጥታ ትሞክራለች፣ ትጋጫለች። መሳቋን ተወች። አንድ ቀን ወንበሩን ለቀቀችልኝና እጇን እያየች እንዲህ አለች፦ «አንተ ውሰደው። እማ እውነቷን ነው፤ ጠማማው የኔ እጅ ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። ምላሴ በበላ እጇ ተመታ፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ያኔ ሁለት ካርቶን ነበር ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? አክስቴ በሌላ ጉዞዋ ትቀይረው ነበር። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ።

አሁን የምናገረውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ደስ አለኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። ጋዙን በግራዬ ገፋ ሳደርግ፣ ዘንጉን በቀኜ ሳብ ሳደርግ መንኮራኩሯ እንደ ሐሳቤ ሄደች። ከአንድ ፕላኔት ጥላ ወጥቼ ሁለት ፀሐይ አንድ ላይ ሲወጡ አየሁ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ፣ ብርሃናቸው በጨለማው ላይ ሲገናኝ ስሙን የማላውቀው ቀለም ሆነ። እንባዬ መጣ። ነጃት ከኋላዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትመራኝ ነበር፤ ዝግ በል፣ ጋዙን መልስ፣ ወደዚያ ወደ ጭጋጉ ሂድ፣ እዚያ አዲስ ኮከብ ይወለዳል ትለኝ ነበር። የሰረቅሁትን ውበት ያሳየችኝ የሰረቅኋት ሴት ራሷ ናት።

አንድ ቀን ገበያ ውዬ ስመለስ የጓዳዋ በር ገርበብ ብሏል። ነጃት ብቻዋን ተቀምጣለች። ያን ለኔ መዳፍ የተሠራ ዘንግ በግራዋ፣ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ፣ እንቁላል እንደሚያዝ ይዛዋለች፤ አንዱንም ቁልፍ አልነካችም። መንኮራኩሯን በቀለበቱ ድንጋዮች መካከል ታሳልፋታለች። እኔ እንደዚያ አብርሬ አላውቅም። ማንም እንደዚያ ሲያበር አላየሁም። ድንጋዩ በቀኝ ያልፋል፣ በግራ ያልፋል፣ እሷ አትቸኩልም፣ እስትንፋሷ እንኳ አይሰማም። በበሩ ስንጥቅ ቆሜ ከፕላኔቱ ይልቅ ያን እጅ ነበር የማየው። አላህ ለዚህ ሥራ የፈጠረው እጅ መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ።

በሩ ሲጢጥ ሲል ዞረች። አየችኝ። እጇን ከዘንጉ ላይ አንሥታ ሻሿ ሥር ደበቀችው፤ ልክ እንግዳ እንደመጣባት። ከዚያ በኋላ ያን ወንበር ተቀምጣበት አላየኋትም።

ይህ ሁሉ የቆየ ነገር ነው። አሁን ኮምፒውተሩም የለም፣ ጆይስቲኩም ተበላሽቶ ተጥሏል። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ይጠራራል፤ አውቄም ሳላውቅም ላስቀየምሁህ አፉ በለኝ ይባባላል። ነጃት ሁልጊዜ ቀድማኝ ትደውላለች። እኔም አፉ በይኝ እላታለሁ፤ እሷም «ምን በድለኸኝ ታውቃለህና ያሲኖ፤ አፉ ብያለሁ» ትለኛለች። ስልኩን ዘግቼ እጾማለሁ። ለማታውቀው ነገር የተሰጠ ይቅርታ ይቆጠራል? ይቆጠራል እያልሁ ራሴን ስደልል ኖርሁ።

ባለፈው ዒድ ነጃት ቤት ነበርን። አግብታ ሐይቁ ዳር አካባቢ ነው የምትኖር፤ ሱመያ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። ልጅቱ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ በቀለም እርሳስ ትሥላለች። ጀልባ ነው። በግራ እጇ ነው። መስመሩ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል። ነጃት ሳህን ይዛ ስታልፍ አየቻት፣ ጎንበስ አለች፣ የቀለም እርሳሱን ከልጅቱ ግራ እጅ አውጥታ በቀኝ እጇ አስያዘቻት። አልተቆጣችም፤ በፍቅር ነው ያደረገችው።

«በቀኝሽ፣ የኔ እናት» አለቻት። «ግራ እጅ ኋላ ያሳፍርሻል። እኔ ሞክሬው አይቻለሁ። አጎትሽን ጠይቂው፤ እሱ ምስክሬ ነው።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። እናቷም አየችኝ፤ ፈገግ ብላ፣ የድሮውን አስታውሳ።

«አዎ» አልሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ ወጣት ነበርሁ፣ ዓይኔ በመብራት ታውሮ ነበር ልበል። በዚህኛውስ? ጢም ያለኝ፣ የልጆች አባት የሆንሁ ሰው ነኝ። እህቴ ከእማ ጋር ተሟግታ ያዳነችውን እጅ በገዛ ልጇ ላይ አሳልፋ ስትሰጥ፣ ለዚያም እኔን ምስክር ስትጠራ፣ አዎ አልሁ። ጀልባው ከዚያ በኋላ እየተጣመመ ሄደ፤ ልጅቱ ወረቀቱን ትታ ተነሣች።

ምክንያት የለኝም። አንባቢዎች፣ እናንተም አፉ አትበሉኝ፤ ሐቁ የናንተ አይደለም። ነገ ጠዋት ሄጄ አንኳኳለሁ፤ አፌ ቢተሳሰር እንኳ ይህን ወረቀት እንድሰጣት የመጨረሻውን ለሷ እጽፋለሁ።

ነጃት፣ ሁለት ካርቶን ነበር። ላንቺ እጅ የሚሆነው እዚያው፣ አክስቴ ፊት ነበር። ቀኝ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። እኔን እንደ ፈቀድሽ አድርጊኝ፤ የልጅቱን የቀለም እርሳስ ግን ወደ ግራ እጇ መልሺላት።