ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ክኒን

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ጾም በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ንፋስ መውጫ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ያኔ ለክረምት እረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ታላቅ እህቴ ቤት ነበርኩ። የሰባት ዓመት ልጇ ሳንባዋን ታማ የክሊኒኩ ድሬሰር በቀን ሦስት ክኒን አዞላት ነበር፤ ሦስት ቀን አልፎም ትኩሳቷ አልበረደም።

«መድኃኒቱን ጥለሽው ነው!» አላት ድሬሰሩ እህቴን።

እህቴ ልጇን አዝላ ተነሳች። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም። ጠበል እወስዳታለሁ።»

እኔ እውነቱን አውቅ ነበር። ልጅቷ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ልትቆርብ ትጾማለች፤ እናቷም ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቃ ሦስቱንም ክኒን ባንዴ፣ በባዶ ሆዷ ትሰጣታለች፤ ልጅቷም ታስመልሰዋለች። ይህን እያየሁ አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን እየተንተባተብኩ ተናገርኩ።

«አንቺም አፍ አለሽ ለካ!» አለችኝ እህቴ ተቆጥታ።

ድሬሰሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ግን እህል እየቀመሰች ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትዋጥ።»

«ጾሟን የምታስፈታት አንተ ነህ?»

«እኔማ አይደለሁም። የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እሳቸው ያሉትን እቀበላለሁ።»

እህቴ ጥቂት አሰበችና ልጇን ከጀርባዋ አወረደች።

የዚያ ክረምት ጭጋግ ዛሬም ይናፍቀኛል። በማግስቱ ማለዳ በጭቃው እየተንሸራተትኩ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። «የታመመ ልጅ ምን ጾም አለበት? አብሏት እንጂ» አሉኝ። ተመልሼ የገብስ አጥሚት አሞቅሁና ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አንዷን ክኒን ብቻ አስዋጥኳት።