አርባ ሁለቱ ሥዕሎች

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አሁኑኑ ብድግ ብላ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ካፖርቷ ተተኩሶ ንጽት ብሏል፤ ጥፍሮቿ ሥር ግን ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ስብሰባውን የጠራችው አጥኚ ሴትዮዋ ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከእሷ መንቀል አቅቷታል።

ስለ ሠዓሊዎች የተሰበሰበው መረጃ በትልቅ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። መረጃው ምን ማለት እንደሆነ የሚናገሩት እዚህ የተሰበሰቡት ሴት ሠዓሊዎች ራሳቸው ናቸው፤ ተናጋሪዋ ካልፈቀደች ደግሞ አንዲት ቃል አትመዘገብም።

ተራ በተራ እያነበቡ አንድ ረድፍ ላይ ደረሱ፤ ካገባች ወዲህ አንድም ሥዕል የላትም ይላል።

«ትዳር አስጥሏት ነዋ!» አለች አንዷ።

«አልተወችም» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ሥዕሎቿ ላይ የሚፈርመው ባሏ ነው። ያውላችሁ፣ ወንዶቹ ረድፍ ላይ አርባ ሁለት ሥዕል ተብሎ የተጻፈለት።»

አጥኚዋ እርሳሷን አነሳች።

«እትዬ፣ ልጻፈው?»

ሴትዮዋ ጣቶቿን አጥፋ ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«ተይው ልጄ። ታሟል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አሁን ፊርማውንም የምፈርምለት እኔው ነኝ።»

ደንቡን ያወጣችው አጥኚዋ ራሷ ናት። እርሳሷን መልሳ አስቀመጠችና «ቀጣዩ ረድፍ» አለች። የሚያነብ ግን ጠፋ።