እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው ሙሉጌጥ

ይህን ርዕስ ያወጣሁት ዛሬ አይደለም። በ1976 ዓ.ም.፣ ከተማችንን አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ በሆስፒታላችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ። ያኔ ስድብ ነበር።

እኔ ግዛቸው የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት፤ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ከሠላሳ ሁለት ገጽ የሚበልጥ አልነበረም። ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ የማይገባ ነገር አላነብም። ዓለምን ግን ከነመፍትሔዋ ጨርሻታለሁ፤ የቀረኝ የበሽተኞችን ካርድ በፊደል ተራ መደርደር ብቻ ነበር፤ እሱን ሳልችለው ቀረሁ።

ሙሉጌጥ ረዳት ነርስ ነበረች። የተወለደችው ይርጋዓለም አጠገብ ነው። በልጅነቷ አንድ የሚስዮን ክሊኒክ ወለል ልትወለውል ገባች፤ ወለሉን ስትጨርስ ፋሻ አጠበች፤ ፋሻውን ስትጨርስ ቁስል ማጠብ አስተማሯት። ከዚያ የአንድ ዓመት ኮርስ፣ ከዚያ ነጭ ጋውን። በሽተኞች «ሲስተር» ሲሏት «ሲስተሯ ያቺ ናት፤ እኔ ረዳት ነኝ» ትላለች። ሐኪሙ ያዛል፣ ሲስተሯ ትወጋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሙሉጌጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ማለቂያ የለውም፦ አልጋ ላይ የቀረውን ሰው ማገላበጥ፣ የማይታዘዘውን እግር በቀን ሦስቴ ማጠፍና መዘርጋት፣ ጣት በጣት ማፍታታት፣ ማስቀመጥ፣ ማቆም፣ አንድ እርምጃ ማስኬድ። ሰው ልታስነሳ ስትል በሲዳምኛ ትቆጥራለች፦ «ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ!» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለቷ ነው። ቋንቋውን የማያውቀውም በሳሴ ይነሳል።

እናቴን በምታክል ሴት ላይ «እሷ» እያልኩ መጻፌ ድፍረት ይመስላል። እሷው ናት ያዘዘችኝ። «በጋዜጣህ አንቺ ብለኸኛል፤ አሁን እርስዎ እያልክ አታንጠልጥለኝ» ብላኛለች።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ጋሽ ሙህዲን ተኝተው ነበር። መናኸሪያ አጠገብ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ናት፦ «አይ»። ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ በግራ እጅ መብላት ግን ለሳቸው ከመራብ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ጠዋትና ማታ ያጎርሷቸዋል።

ሙሉጌጥ ሁለት ቀን አይታ «እትዬ ጫልቱ፣ እየገደሉት ነው» አለቻቸው።

«እኔ? ማንን? ባሌን በፍርፍር?»

«እጃቸውን። ሰው ካጎረሳቸው እጃቸው ለምን ብሎ ይነሳል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት እትዬ ጫልቱን ኮሪደር ታስወጣቸዋለች። ጋሽ ሙህዲንን ቀጥ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ክርናቸውን ትራስ ላይ፣ እጃቸውን ሳህኑ ላይ ታኖራለች። ከዚያ ክንድ ርቃ ትቀመጣለች።

አንድ ሐሙስ ካርድ ይዤ ወደ ዋርዱ ገባሁ። እትዬ ጫልቱ ኮሪደር ላይ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ውስጥ የጋሽ ሙህዲን ደረት ፍርፍር በፍርፍር ሆኗል። እጃቸው ከሳህኑ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል፣ አገጫቸው ሥር ይደርሳል፣ ይወድቃል። ሙሉጌጥ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ታያለች።

«ጓድ፣ ሲኒማ ቤት የገባሽ መሰለሽ?» አልኳት።

«ዝም በል፤ እየሠራን ነው።»

«ማን? አንቺ?»

«ሁለታችንም።»

ገፋ አደረግኳትና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ጋሽ ሙህዲን አፍ ውስጥ ከተትኩ። ዋጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አይ!» አሉ።

በእኛ ቋንቋ የተገረመም «አይ» ይላል፣ እምቢ ያለም «አይ» ይላል። እኔ የተመቸኝን መረጥኩ። ሙሉጌጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይቻለሁ፤ አፍራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። «ሰፊው ሕዝብ ሲራብ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው ሙሉጌጥ የሚስዮን ርዝራዥ መሆኗን አስመስክራለች» ይላል። ቀጥሎም፦ «ታማሚው በአብዮታዊ ጉርሻ ሲታደጉ ‹አይ! አይ!› በማለት አድናቆታቸውን ገልጸዋል።» ሁለተኛዋን «አይ» ለማሳመር እኔ ነኝ የጨመርኳት። «የሚስዮን ርዝራዥ» የምትለዋን ግን ለማሳመር አልጨመርኳትም። የሚስዮኖቹ ጸሎት ቤት በር ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ ያቺ ቃል ሰውን ወደየት እንደምትወስድ አውቃለሁ። እያወቅሁ ጻፍኳት።

ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የንብረት ክፍሉ ጓድ ደረሰ ነበር።

«ጓድ ሙሉጌጥ፣ ግለ ሂስሽን አቅርቢ።»

ተነሳች። «ሰኞ ሠላሳ ጊዜ ሞከሩ፤ አንዱም አፋቸው አልደረሰም። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ደረሰ። ሐሙስ ሦስት ደርሶ አራተኛው መንገድ ላይ እያለ ይኼ ልጅ ገባ።»

«ይኼ ግለ ሂስ ነው የኳስ ውጤት?» አለ ጓድ ደረሰ። አዳራሹ ሳቀ።

ሳቁ አማረኝና ከወንበሬ ሳልነሳ «ጓዶች፣ ጉርሻም በኮታ ሆኗል፤ ተሰለፉ!» አልኩ። ባሰ። የፋርማሲው ሰውዬ ዕንባውን ጠረገ። ያን ቀን ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር።

ሙሉጌጥ እስኪበርድ ጠበቀች። «ያልሠራ እጅ ይረሳል» አለች። «ሁለት ወር ብቻ ስጡኝ።»

የሰጧት ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ነው።

እኔ ግን አልጠገብኩም። ለሁሉ ነገር ዘመቻ በሚታወጅበት ዘመን «የጉርሻ ዘመቻ» አወጅኩ። ተራ አወጣሁ፦ ሰኞ ፋርማሲ፣ ማክሰኞ ካርድ ክፍል፣ ረቡዕ ጥበቃ። እየተፈራረምን አጎረስን። የጋሽ ሙህዲን ጉንጭ ሞላ፤ እሱንም በጋዜጣ አወጣሁት። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ በታች ነበር። እጅ ከብርድ ልብስ በታች ምን እንደሚሆን በሠላሳ ሁለት ገጽ ውስጥ አልተጻፈም።

በስድስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ደረሰ። እትዬ ጫልቱ ደግፈው ካርድ ክፍል አመጧቸው። መውጫ ወረቀቱ ላይ መፈረም ስለማይችሉ አሻራ ያስፈልጋል። ቅጹ «የቀኝ አውራ ጣት» ይላል። የቀለም ንጣፉን ከፍቼ ሳብ አደረግኩላቸው።

«ጋሽ ሙህዲን፣ እስቲ አውራ ጣትዎን።»

እጃቸው ተጨብጧል። አውራ ጣታቸው ጭብጣቸው ውስጥ ተቀብሯል፤ አራቱ ጣቶች በላዩ ተዘግተዋል። እትዬ ጫልቱ አንዷን ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጓት፦

«አይ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሙህዲን።

ዋርዱ ውስጥ የሰማሁት ያው ድምፅ ነው። ያው ራሱ። ያን ሐሙስም እምቢ ነበር ያሉኝ።

የግራ አውራ ጣታቸውን አስረግጬ «ቀኝ» የሚለውን ሰረዝኩና ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄድኩ። ሙሉጌጥ በእንፋሎት መሃል እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ትጠምዛለች።

«እትዬ ሙሉጌጥ…»

«ዛሬ ጓድ አይደለሁም?»

«የጋሽ ሙህዲን እጅ…»

«ጨበጠ?» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ስንት ጣት?»

«አምስቱም።»

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ወረወረችልኝ። ያዝኩ። ጠመዘዝን።

«ይመለሳል?» አልኩ።

«መርፌ የሚይዘው እጅ? ያ ሄደ። ክርናቸው ካልደረቀ ምናልባት ማንኪያ ማድረስ ይችሉ ይሆናል። ምናልባት።»

ከኪሴ ወረቀት አወጣሁ። የካርድ ክፍሉን በር ዘግቼ የጻፍኩት ግለ ሂስ ነው፤ ሁለት ገጽ፣ ቃላቱ የተመረጡ። ቆሜ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ጽፈሃል» አለች። «ግን የሳቀው አዳራሹ ነው። ለእኔ ምን ታነብልኛለህ?»

አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ነበር፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን አላወጣሁም። ከዚያ በኋላ የመጡት ቅዳሜዎችም እንዲሁ አለፉ። ሰው ላይ ሲሆን ምላሴ እንደ ምላጭ ነበር፤ የራሴ ተራ ሲደርስ ዶለዶመ። ጋዜጣውን ፀሐይ ነው ያደበዘዘው፤ እኔ አላነሳሁትም። ሙሉጌጥን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዋርድ የመለሷትም በሥራ ብዛት የተማረሩት ሲስተሮች ናቸው። እኔ አልመለስኳትም።

ያን ቀን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ግን «ና» አለችኝ። «ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ቤታቸው እንሄዳለን። አንተ ትቀመጣለህ።»

«ምን ልሥራ?»

«ምንም። እስቲ ቻለው።»

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቤታቸው ውስጥ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ቆማለች። ሙሉጌጥ እጃቸውን በሞቀ ውኃ ትነክራለች፣ ጣት በጣት ታፍታታለች፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ አወፈረችው። ከእጃቸው ሲሾልክ ጊዜ ጋሽ ሙህዲን በግራ እጃቸው ወደ ካኪ ጨርቅ ቁራጭ አመለከቱ፤ እትዬ ጫልቱ ጠፍር አድርገው ቆረጡት፤ በሱ ማንኪያው ከጭብጣቸው ጋር ታሰረ።

እኔ እቀመጣለሁ። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። ማንኪያው ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደፋል። ሾርባው አንገታቸው ሥር ይወርዳል። የእኔ እጅ ከጭኔ ላይ ሊዘል ይላል፤ ሙሉጌጥ በዓይኗ ትመልሰዋለች። መጋቢት እንዲህ አለቀ። ሚያዝያም። አንዳንድ ቀን እትዬ ጫልቱ ለእኔም ምሳ ያቀርቡልኛል፤ ጋሽ ሙህዲን ፊት በደህና እጄ መብላት ስለሚያሳፍረኝ ጠግቤአለሁ እላለሁ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ማንኪያው ተነሳ። አገጫቸውን አለፈ። ከንፈራቸው ጋ ደርሶ ቆመ፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሊወድቅ ነው። እጄ ሳላዘው ተነሳ።

«አይ» አሉ ጋሽ ሙህዲን፣ እያዩኝ፣ ቀስ ብለው።

እጄን ጭኔ ላይ መለስኩ። ማንኪያው ገባ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልጠረገውም።

«ሚቶ» አለች ሙሉጌጥ። አንድ።

በጥር፣ በዚያ ሐሙስ፣ እኔ ከመግባቴ በፊት፣ አራተኛው ላይ ነበሩ።