አባቴ ጥምጥማቸውን የፈቱ ቀን

አባቴ ከኮላ ድባ ማዶ ባለ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ከቤሩት ከተመለስኩ ወዲህ ቀና ብለው አይተውኝ አያውቁም ነበር። እናቴ የሞተችው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ለቀብሯም ለአርባዋም አልመጣሁም።

ባለፈው ክረምት ራሳቸውን አሟቸው ጎንደር መጡና ፀዳ ሰፈር ከተከራየኋት ቤት አረፉ። ሌላ ማረፊያ ስላልነበራቸው እንጂ እኔን ብለው አልመጡም። ሐኪሙ ደማቸውንም ዓይናቸውንም አይቶ ምንም አላገኘም። «አባ፣ ጭንቀት ነው። እንቅልፍ ያስፈልግዎታል» አላቸው። ሦስት ቀን አብረን ስንሰነብት ከውሃና ከምግብ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። ጥርሳቸውን ነክሰው ሲቀመጡ የመንጋጋቸው ጅማት ከሩቅ ይታየኝ ነበር።

ቤሩት የሠራሁት በአንድ የውበት ሳሎን ነው። እዚያ የጃፓን የራስ ማሳጅ የሚሉትን ተማርኩ። ለብ ያለ ውሃ በቀስታ እያፈሰሱ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት የራስን ቆዳ ማፍታታት ነው። ዛሬም ጎንደር ጸጉር ቤት ተቀጥሬ የምሠራው ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ወንበሩ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግንባራቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ሰማሁ።

«አባባ፣ ራስዎን ልሽልዎት?» አልኩ።

«በዚያ በጸጉር ቤቱ እጅ?» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

«ሌላ እጅ የለኝም።»

ግንባራቸውን የያዘውን እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ጥምጥማቸውን መፍታት ጀመሩ። ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው ስለማላውቅ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማጅራታቸውን በታጠፈ ፎጣ ደግፌ ከሥር ሳፋ አስቀመጥኩ። ውሃው ሲነካቸው መላ ሰውነታቸው ደነገጠ።

«ምነው ጫን አትይም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ጆሮ ግንዳቸው ሥር ስደርስ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «እናትሽ ስትሞት የሰው ራስ ታሺ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። «ስልኩ ሲደወል እጄ ሳሙና በሳሙና ነበር። ፓስፖርቴን አሠሪዬ ይዛብኝ ነበር። ለምኛት እምቢ አለችኝ።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«ስደውል አያነሱልኝም ነበር።»

የወንበሩን እጀታ አጥብቀው ያዙ፤ የእጃቸው ደም ሥር ተገተረ። ተነስተው የሚሄዱ መሰለኝ። ካቆምኩ እንደሚነሱ ስለገባኝ አላቆምኩም። ከማጅራታቸው ወደ አናታቸው፣ ከአናታቸው ወደ ግንባራቸው፣ ሁልጊዜ ከምሠራው በላይ ቀስ አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ እጀታውን ለቀቁ። ከንፈራቸው የጀመረውን ጸሎት መሀል ላይ ተወው። ተኙ።

እንዳይነቁ ፈርቼ ራሳቸውን በመዳፌ እንደደገፍኩ ቆምኩ። ክንዴ ደነዘዘ፤ ውሃው ሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ። አንዴ መኪና ጡሩምባ ሲያሰማ ትንፋሼን ዋጥኩ። አልነቁም።

ከቀትር በኋላ ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ «ተኛሁ እንዴ?» አሉ።

«ተኝተዋል።»

ጥምጥማቸውን ሳይቸኩሉ ጠመጠሙ። «ሸጋ ነው» አሉና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ በማግስቱ ወደ ደብራቸው ተመለሱ።

ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። በሁለት ሳምንታቸው ግን ሳይጠሩ፣ የሐኪም ቀጠሮም ሳይኖራቸው በሚኒባስ መጡ። ወንበሩን ራሳቸው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ውሃውን ማፍሰስ እንደጀመርኩ ስለ እናቴ የመጨረሻ ሳምንት ይነግሩኝ ጀመር። ጎመን አምሯት ሁለት ጉርሻ ብቻ እንደበላች፣ ሰው በገባ ቁጥር «ያቺ ልጅ በልታ ይሆን?» እያለች ትጠይቅ እንደነበር። እስከዚያ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።