ከሞጣ የመጣው አክታ

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ «አክታ ማየት» እል ነበር። ሰውየው ፊቱን ሲያጨማድድ ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ እንዲህ ነበርኩ። በደርግ ዘመን፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ፣ ቢቸና በሚገኝ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። ላቦራቶሪው አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና እኔ ነበርን። ማይክሮስኮፑ የራሱ መብራት አልነበረውም። ከሥሩ መዳፍ የማትሞላ ክብ መስታወት አለችው፤ እሷን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብርሃኑን ወደ ላይ ካላንጸባረቅኩ የማየው ጨለማ ነው። በጋ ላይ እሰየው። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ይውላል፤ እኔም ዓይኔን እያሻሸሁ ሰማዩን ስራገም እውላለሁ። «ሰማይ አይረገምም» ትለኝ ነበር እናቴ። እሷ ምን አለባት፣ ማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅ!

አባቴ ሞጣ ቄስ ነበሩ። ድምፃቸው የታወቀ ስለሆነ ሰው ሰሞነኛ የሚሆኑበትን ሳምንት እየጠየቀ ነበር የሚያስቀድሰው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ ወዲህ ሳል ያዛቸው። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ስሄድ በር ላይ የተቀበሉኝ አባቴ ግማሽ ሆነዋል። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ነገር ተናግረው ሳይጨርሱ ሳሉ ይቀድማቸዋል። በየቀኑ የማየው በሽታ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ። ስሙን ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

እሳቸው ራሳቸውን እያከሙ ነበር። ከደብሩ አጸድ የሚለቅሙትን አንድ ቅጠል እየወቀጡ፣ በማር እየለወሱ፣ ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ። ስሙን ብጠይቃቸው አልነግርሽም አሉኝ፤ መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ይከሽፋል ባይ ነበሩ። የበቀለበትን ግን አሳዩኝ። «ልጅ ሳለሁ ይኼ በየወንዙ ዳር ነበር። ደኑ ሲመነጠር አብሮ አለቀ። ጓሯችን ሦስት ጊዜ ተክዬው ሦስት ጊዜ ደረቀብኝ። ፀሐይ አይወድም፤ ከዝግባው ሥር ካለው ብስባሽ በቀር ሌላ አፈርም አይስማማው።» አሁን በስተርጅና የቤተ ክርስቲያን ደን የሚያጠኑ ሰዎች የጻፉትን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ በአጸዱ ጥላ ብቻ ስለተረፉ ተክሎች የሚሉት አባቴ ያን ቀን ዝግባው ሥር ቆመው እየሳሉ የነገሩኝን ነው።

ያን ቀን ግን ለቅጠል ትዕግሥት አልነበረኝም። «አባባ፣ ነገ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳቸው።

«እዚህ ሞጣ? ቄሱ ሳንባቸውን ታመዋል ከተባለ ማን ከእጄ መስቀል ይሳለማል?» አሉ።

ተከራከርን። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሳቸው ደግሞ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያስጨርሱኛል፣ ያ ይብስ ያናድደኛል። በመጨረሻ ተስማማን። አክታቸውን ወደ ቢቸና ይልኩልኛል፤ እኔው ራሴ አየዋለሁ። «መስታወትሽ በሽታውን ካገኘብኝ መርፌሽን እወጋለሁ» አሉ። «ካጣብኝ ግን በቅጠሌ አትምጪብኝ።» እጃቸውን ስሜ ሦስት ባለ ክዳን ዕቃዎች ትቼላቸው ሄድኩ። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቁ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት፤ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ። እናቴንም አጠገባቸው አስቀምጬ አስደገምኳት።

ነሐሴ ላይ የሞጣ ጎረቤታችን፣ ለገበያ ቢቸና የሚመላለሱ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሦስቱንም ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። «የቄስ አክታ ተሸክሞ የተጓዘ ሙስሊም ነጋዴ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አክታውን በስላይዱ፣ በስሷ የመስታወት ቁራጭ ላይ ቀባሁ፣ በቀይ ቀለም አቀለምኩ፣ በአሲድ አጠብኩ፣ በሰማያዊ ጨረስኩ። ጀርሙ ካለ ቀዩን ቀለም አይለቅም፤ በሰማያዊ ሜዳ ላይ እንደ ቀጭን ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። አየሁ። የለም። ሁለተኛውን አየሁ፣ የለም። ሦስተኛውም ባዶ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የአባቴን ትከሻ በዓይኔ አይቻለሁ። ውጪው ደግሞ ጉም ነው፣ መስታወቷ የምትሰጠኝ ብርሃን አመድ የመሰለ ነው። በዚህ ጨለማ እንኳን ጀርም ዝሆንም አይታይ አልኩ። ጥፋቱ የብርሃኑ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ነገር ፈጽሞ አልጠረጠርኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት እንደ እብድ ነበር ያደረጉኝ። ፋኖስ አቀረብኩ፤ ብርሃኑ ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊውን አቆሸሸው፣ ቀዩንም ዋጠው። የእጅ ባትሪ ሞከርኩ፤ ድንጋዩ ቶሎ አለቀ። ብርቱ ብርሃን ያለው በአየር የሚነፋው የጋዝ መብራት፣ ማሾ ብቻ ነው፤ በአካባቢያችን ማሾ ያለው ደግሞ የቀበሌው የውይይት ክበብ ብቻ ነው። ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድኩ።

«ጓዲት፣ ማሾው እኮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው» አለኝ።

«አክታውም የሰፊው ሕዝብ ነው» አልኩት።

ደንግጦ አየኝና በሳቅ ፈረሰ። ከማታው ስብሰባ በፊት እንድመልስ አስጠንቅቆ ሰጠኝ። ማሾው እንደ ሻሽ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፣ ግን አሁንም ትንሽ ቢጫ አለበት፤ ደግሞም ዓይን ያጥበረብራል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ክብ ብልቃጥ ውኃ ሞላሁና ከዚያው ከማቀልምበት ሰማያዊ ቀለም አንዲት ጠብታ ጨመርኩበት። ብልቃጡን በማሾውና በመስታወቷ መካከል አቆምኩት። የውኃው ክብነት ብርሃኑን ሰበሰበልኝ፣ ሰማያዊው ቢጫውን አጠፋልኝ። በሽታው መኖሩ በበጋ ፀሐይ የተረጋገጠበትን የአንድ ታካሚ ስላይድ አምጥቼ ከሥሩ አስገባሁ። ወይ ጉድ! ቀያዮቹ ዘንጎች ቁልጭ ብለው ወጡ። በደስታ ስጮህ የጤና ጣቢያው መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ፣ ሰው የሞተ መስሎት መርፌውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

አንድ ሐኪም ጥሎት የሄደ አሮጌ መጽሔት ላይ፣ በውጭ አገር በልዩ ቀለም ነክረው ልዩ መብራት ሲያበሩበት ጀርሙ ራሱ በጨለማ ውስጥ እንደሚያበራ አንብቤ ነበር። ያን ጊዜ ተረት መስሎኝ ነበር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ኤልኢዲ የሚባለው መብራት ያለው ማይክሮስኮፕ መጣልን፤ አምፖሉ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ በባትሪም ይሠራል። ዓይኔን ባስጠጋ ጀርሞቹ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ቦግ ብለዋል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባቸውም። ያን ሁሉ ማሾና ብልቃጥ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ወደ ቢቸና ልመለስ። በአዲሱ ብርሃኔ የአባቴን ሦስት ስላይዶች እንደገና አየሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ቡና እንደሚለቅም ሰው አንድም ቦታ ሳልዘል። ምንም የለም። አሁን ብርሃኑን አምነዋለሁ፤ ስለዚህ ውጤቱንም ማመን ነበረብኝ። «አባባ፣ እሰይ፣ ነፃ ነዎት» ብዬ ጻፍኩላቸው። ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ዳቦ ቆረስኩ።

በመስከረም መጨረሻ ነጋዴው ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ደህና አይደሉም» አሉኝ። «ደመራ ሲባረክ ሳሉ አላስጨርስ ብሏቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ነጠላው ላይ ደም አይቻለሁ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ ገባሁ። አባቴ ተኝተዋል። እናቴ ጓዳ ናት። «እማዬ፣ አክታውን እንዳልኳችሁ ነው የላካችሁት? በጠዋት? ከደረት?» አልኳት።

«አዎ፣ ልክ እንዳልሽው ነው። ከደረቴ ነው ያወጣሁት።»

«ከደረትሽ?»

እናቴ ምንም ያጠፋችው ነገር ያለ አልመሰላትም። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። አባቴ ጾሙን ሙሉ በየቀኑ ይቀድሳሉ። ቀድሰው ይቆርባሉ፤ ከቆረቡ በኋላ ደግሞ ምራቅ መትፋት አይሆንም፣ በማግስቱም እንደገና ቅዳሴ አለ። ሳሉ ያመጣውን ሁሉ ይውጡት ነበር። ነጋዴው መኪና ሊያመልጣቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ዕቃዎቹ ባዶ ናቸው። «ታዲያ እኔ እግሬን አሞኝ አልቆረብኩም ነበር» አለች እናቴ። «አባትሽን፣ በቁርባን የተጋባን አንድ ሥጋ አይደለንም ወይ፣ የኔስ የርስዎ አይደለም ወይ አልኳቸው። ዕቃዎቹን ወደ እኔ ገፉልኝ። እና የሦስቱንም ቀን በአንድ ጊዜ እኔ ተፋሁ።»

በስመ አብ! ጣራው እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ከዚያ የገዛ ጩኸቴ አሳፈረኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ በፍልሰታ ምን እንደሚደረግ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ዕቃዎቹን ለዚያ ወር የተውኩት እኔ! ብርሃኑን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ስባዝን፣ ይህ አክታ የማን ነው ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ያን ሁሉ ቀን ከዳር እስከ ዳር የመረመርኩት የእናቴን ሳንባ ነበር። ከዚያ ሁሉ መዓት አንድ ደስ የሚል ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም የሷን ያህል ጤንነቱ የተረጋገጠ ሰው አልነበረም።

አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰምተውናል። ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ነፃ ነዎት ብለሽ ስትጽፊ ደስ አለኝ» አሉኝ። «የኔ እንዳልሆነ እያወቅሁ ደስ አለኝ። ፈርቼ ነው ልጄ።» አባቴ ፈራሁ ሲሉ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሴ በሌለበት፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ ተፉ። ዕቃውን ታቅፌ፣ አባቴን ይዤ ቢቸና ገባሁ። ማሾው፣ ብልቃጡ፣ ስላይዱ። ዓይኔን ሳስጠጋ ፍለጋ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ሰማያዊው ሜዳ በቀይ ተሞልቷል። እሳቸው ከጀርባዬ ቆመዋል። «አገኘብኝ?» አሉ። «አገኘብዎት» አልኳቸው። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ክንዳቸውን ገልጠው ወደ ድሬሰሩ ሄዱ።

ሁለት ወር እኔ ዘንድ ተቀመጡ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ኪኒን። እኔ ከሥራ ስወጣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኛቸዋለሁ። መጀመሪያ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ቀጥሎ ምግብ ጠየቁ፤ እኔም ክንፍ ላወጣ ምንም አልቀረኝም። አንድ ቀን ከጓሮ ቅጠል ቀጥፌ ስሱን ልጣጩን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁላቸው። እንደ ከንፈር የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን ቀዳዳዎች አሳየኋቸው። «በነዚህ ነው የሚተነፍሰው» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን አላነሱም። «ይኼም ሳንባ አለው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ያን ዕለት የዚያን የአጸድ ቅጠል ስም ነገሩኝ። «ፈትሺው፤ ከከሸፈም ይክሸፍ፤ ሳይታወቅ ከሚጠፋ ይሻላል።» ስሙን ከነደረቀው ቅጠል ተክል ለሚያጠኑ ሰዎች አዲስ አበባ ላክሁት።

ከዚያ ሞጣ ተመልሰው ዓመት ሙሉ ኪኒናቸውን ዋጡ፤ እናቴ ጠባቂያቸው ነበረች፣ በዚህ በኩል ከማንም በላይ አምናታለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ለመጨረሻው ምርመራ ብቻቸውን በአውቶቡስ መጡ። ቀሚሳቸውን ትከሻቸው ሞልቶታል። ዕቃውን ሰጠኋቸውና «ውጪ፣ አየር ላይ ሆነው፣ ከደረት» አልኳቸው። ወጡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ስላይዱን አዘጋጅቼ ቁጭ ብዬ በሩን በሩን አያለሁ፤ ምን እያወጡ ነው ይህን ያህል ጊዜ?

ሲመለሱ እንዳጠፋ ልጅ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ስከፍት ደረቅ ነው።

«ልጄ፣ ብልም ብልም እምቢ አለኝ» አሉ። «ከደረት እየሳብኩ ሞከርኩ። ምንም የለም። የምተፋው አጣሁ፤ እንዳትቆጪኝ።»

ባዶ ዕቃ ያመጣልኝን ሁሉ ስቆጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን እጃቸውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ እሳቸውም በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ አንድም ጊዜ አልሳሉም። ከዚያ መዝገቡን ሳብ አድርጌ ከስማቸው ትይዩ «አክታ የለም» ብዬ ጻፍኩ።